ሰማያዊው ብልቃጥ

ኮሶዬ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሕሊና፣

እንዴት ሰንብተሻል? እኛ አለን። ላሚቱ አለች፣ ሳሪት አለች፣ ጣሪያውም አለ፤ በስተ ጓሮ በኩል ብቻ ያፈሳል። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምጽሽን ሳልሰማ ይኸው ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው።

መጀመሪያ ስለ ልጃችን ስለ ሳሪት ጆሮ ለጠየቅሽው፤ መግሉ ቆሟል። ሦስቱ መድኃኒት ያልያዘውን አራተኛው ያዘው። ሐኪሙ ግን ከዚህ ወዲያ የምሰጣት የለኝም ብሎኛል። ተህዋሲያኑ መድኃኒቱን ለምደውታል አለኝ። አንቺ ሁልጊዜ የምትዪውን ነው ያለኝ፤ እንግዲህ ደስ ይበልሽ።

ሁለተኛ ጥያቄሽን በተመለከተ፤ አዎ፣ በጎቹን የማዳቀሉን ሥራ እሠራለሁ። አሥራ አራት ዓመት ላም ያዳቀልኩ ሰው በግ አይጠፋኝም። ግን ምነው «ታማኝ ባለሙያ ስላስፈለገን» ብለሽ ጻፍሽልኝ? አንቺና ማን ናችሁ ያስፈለጋችሁ? ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ ምስጋናው የሚለውን ስም ቆጠርኩት፤ አምስት ጊዜ አለ። የሳሪት ሁለት ጊዜ። የኔ አንድ ጊዜ፣ እሱም አናቱ ላይ ነው።

ጦስኙን ከገደሉ አፋፍ ለቅሜ እያደረቅሁት ነው። አንድ ማዳበሪያ ሞልቷል፣ ሁለተኛው ይቀረዋል። «ጦስኝ ወተትን ከመበላሸት ካቆየ የበጉንስ ዘር ለምን አያቆይም?» ያልኩሽ እኔ መሆኔን ያ ሰውዬ ያውቃል? ካላወቀ ንገሪው።

ደብዳቤውን የሚኒባሱ ሾፌር ሰጠኝ ያደርስልሻል። እንዳላየ ሆኖ አያነበውም ብለሽ አትመኚ።

ባልሽ ፈጠነ


ጎንደር፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፈጠነ፣ ለቆጣሪው፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለልጄ። ጆሮዋን በንጹሕ ጨርቅ ብቻ ጥረግላት፤ ቅቤ የሚያፈሱ ጎረቤቶችን በር ላይ መልስልኝ።

ምስጋናው እንደኔ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ የአይከል ልጅ ነው። አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነን፣ አንድ አማካሪ ነው ያለን፣ ሌላ ነገር የለንም። መልከ መልካም ነው ወይ ብለህ በሰጠኝ አፍ ለላክኸው ጥያቄ፤ ጥርሱ ሸጋ ነው፣ ሌላውን አላስተዋልኩም። ሰጠኝ ይህን ሲነግርህ ሳቅ እንደሚገድለው አውቃለሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

አሁን ቁም ነገር። አውራ በጉ ዘሩን ሲሰጥ ከቆዳውና ከፀጉሩ ተህዋስ አብሮ ይገባል። ስለዚህ ዘሩን የምናቀጥንበት ወተት ውስጥ አንቲባዮቲክ ይጨመራል። በሽታ በሌለበት፣ ለእያንዳንዷ በግና ለእያንዳንዷ ላም፣ በየቀኑ። የሳሪትን ጆሮ እምቢ ያለው ተህዋስ መድኃኒት የሚለማመደው እንዲህ እንዲህ ባለው ቦታ ነው። እኛ ይህን መድኃኒት የሚተካ ነገር እየፈለግን ነው። የኔ ያንተ ጦስኝ ነው፤ ዘይቱን በጣም በጥቂቱ ወተቱ ውስጥ እጨምራለሁ። የእሱ ደግሞ ምንም አይጨምርም፤ ዘሩን በማሽን አሽከርክሮ ንጹሑን ከቆሻሻው ይለያል።

አንደኛው ሰማያዊ ክዳን ባለው ብልቃጥ፣ ሌላኛው ቢጫ ክዳን ባለው ይመጣልሃል። የትኛው የማን እንደሆነ አልነግርህም፣ አንተም አትገምት። ደንቡ ነው። ሰው ካወቀ እጁ ያዳላል።

ዘሩ የሚወሰደው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኮሶዬ ይደርስልሃል። ሳጥኑን ከነበረዶው ጥላ ውስጥ አስቀምጥ፣ ሁለቱንም ብልቃጥ እኩል አስኪድ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ጨርስ። ከስድስት ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። አንተን ይህን ማስተማር ያሳፍራል፤ ቢሆንም መጻፍ አለብኝ።

ቅዳሜ ለምን እንደማትመጪ ንገሪኝ ብለህ በሰጠኝ በኩል ላልከው፤ አውራ በጎቹ ቅዳሜን አያውቁም። ከኔና ከሱ በቀር የሚያበላቸው ሰው የለም።

ሕሊና


ኮሶዬ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሕሊና፣

ጤና ይስጥልኝ። ያሰብሽልኝን የጨርቅ ጃኬት ሰጠኝ አድርሶልኛል። እጅጌው ረዝሞብኛል። በማን ልክ እንደገዛሽው አላውቅም።

የመጀመሪያው ዙር ትናንት አለቀ። በላክሽልኝ ዝርዝር መሠረት የትኛዋ በግ ሰማያዊ፣ የትኛዋ ቢጫ እንደደረሳት ቅጹ ላይ አለ። የጀመርኩት ከማናዬ በጎች ነው። ማናዬን ታውቂያታለሽ፤ እላዬ ላይ ቆማ «ምነው አያ ፈጠነ፣ ሳጥኑን ክፈት እንጂ! በጎቼ እስኪያረጁ ነው የምትጠብቀው?» እያለች ጆሮዬን አደነቆረችው። ሰባቱም ሰማያዊ ነበር የደረሳቸው፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጨረስኩላት። ከዚያ ወዲያ የቀሩት ላይ እንዲህ የሚያጣድፈኝ አልነበረም።

ደንቡን አክብሬያለሁ፣ አልገመትኩም። ዓይን ግን አለኝ። ቢጫው ብልቃጥ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ያንቺ ጽሕፈት ነው። አንቺ ስትጽፊ ፊደሎችሽ ሁሉ ወደ ቀኝ ዘንበል ዘንበል ይላሉ፤ ስንጋባ የጻፍሽልኝ ወረቀት ዛሬም በመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አለ። ሰማያዊው ላይ ደግሞ አንድ ኮራ ያለ የወንድ ጽሕፈት አለ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ወረቀቱ የሱ ይመስል። በዚያ ላይ ቢጫውን ስከፍተው ጦስኝ ጦስኝ አለኝ። አፍንጫዬ አይዋሽም።

እኔ እንኳ ይህን ሁሉ ልብ አላልኩትም። እንዲያው ለወሬ ነው።

ጎንደር መጥተህ ነበር ወይ ብለሽ በሰጠኝ በኩል ለጠየቅሽኝ፤ ምን ላደርግ እመጣለሁ? ሥራ የለብኝም? አንቺ ያየሽው ሌላ ሰው ይሆናል።

ፈጠነ


ጎንደር፣ ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፈጠነ፣

አየሁህ አላልኩም። መጥተሃል ወይ ብዬ ነው የጠየቅኩህ። አሁን ግን አውቃለሁ።

ዘበኛው ጋ ማዳበሪያ ሙሉ ጦስኝ ማን አስቀመጠልኝ? አፉ የታሰረው በላም ማሰሪያ ገመድ ነው። ዘጠኝ ዓመት ከበረቱ በር ላይ ስፈታው የኖርኩትን ቋጠሮ አጣዋለሁ? ዘበኛው የነገረኝን ልንገርህ፤ «አንድ ሰውዬ በመስኮት አይቶ ተመለሰ፤ ግባ ብለው እምቢ አለኝ፤ ፊቱ ደህና አልነበረም» አለኝ። ቀኑን ሳሰላው የመጀመሪያው ዙር ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

ያየኸውን እኔ ልንገርህ። ለሁለት ሰው ያለን ማይክሮስኮፕ አንድ ነው። ዘሩ ደግሞ አይጠብቅም፤ አንዱ ሲያይ ሌላው ይቆጥራል፣ አንገት ለአንገት ሆነን ነው የምንሠራው። የሳቅነው ትልቁ አውራ በግ የምስጋናውን የእጅ ጓንት ስለበላው ነው። ብትገባ አብረኸን ትስቅ ነበር። በሳሪት እምልልሃለሁ፣ ሌላ ነገር የለም።

ያቃጠለኝ መጠርጠርህ አይደለም፤ ሁለት ወር ሙሉ ዓይንህን ሳላይ ደጄ ድረስ መጥተህ መመለስህ ነው። ሲሻህ አትሳደብም ነበር? ገብተህ ብትሳደብ ምን ነበረበት?

ጃኬቱን የገዛሁት በማንም ልክ አይደለም። ብርድ ስለሆነ እጅህን እንዲሸፍንልህ ነው ያስረዘምኩት፤ ጅል።

ሁለተኛው ዙር ኅዳር 9 እና 10 ነው። ቂምህን ለኔ አቆየውና በጎቹን ደህና አድርገህ ሥራልኝ። የትምህርት ፈቃዴ እስከ ሐምሌ ብቻ ነው። ይህ ከተበላሸ የጦስኙን ሥራ የሚደግምልኝ የለም፣ እኔም ባዶ እጄን ነው የምመለሰው። ለራስህ ሥራ የምትጨነቀውን ያህል ተጨነቅልኝ።

ሕሊና


ኮሶዬ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሕሊና፣

ይቅርታ ጠይቅ ብለሽ በሰጠኝ በኩል ላልሽኝ፤ እሺ፣ ይቅርታ። መስኮት ላይ በመቆሜ ይቅርታ። ዓይን ስላለኝም ይቅርታ።

አንድ ነገር ግን ልበል። መጀመሪያ ላም ስታዳቅዪ ጓንቱን ያጠለቅሁልሽ እኔ ነኝ። «ቀስ በይ፣ አትፍሪ፣ እሷም እንዳንቺ ፈርታለች» ብዬ ክንድሽን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያኔ የዚህ ሰፈር ሰው «የፈጠነ ተማሪ» ነበር የሚልሽ። አሁን ገበያ ስወጣ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? «የሕሊና ባል» ይሉኛል። ይሁን፣ ክፉ ስም አይደለም። ግን ለማለት ያህል ነው።

ሁለተኛው ዙር አልቋል። ሰዓቱን ሁሉ ሞልቼ ቅጹን በፖስታ አሽጌ ልኬዋለሁ። የጻፍኩት ሰዓት ሰዓቱ ነው፣ ደግመሽ አትጠይቂኝ። ስለ ሰማያዊውም አብዝተሽ አትጨነቂ። የሰው ሥራ ነው፤ አንቺን ምን አገባሽ? የራስሽ ደህና መሆኑን እኔ አረጋግጥልሻለሁ።

ሳሪት እናቴ መቼ ትመጣለች ስትለኝ አውራ በጎቹን ጠይቂ አልኳት። አለቀሰች። እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም።

ፈጠነ


ጎንደር፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፈጠነ፣

ለጥምቀት ለምን አልመጣሽም አትበለኝ፤ ጥምቀቱ ሁሉ በመስኮት ነው ያለፈኝ፣ ታቦት እንኳ አልሸኘሁም። ማሽን ይዞ መጥቶ የበጎቹን ሆድ ያየው ባለሙያ ውጤቱን ትናንት አስረከበን። የትኛው ክዳን የማን እንደሆነ የተደበቀበት ኮድም ተከፈተ።

ቢጫው፦ ከሠላሳ ስድስት በግ ሃያ ሦስቱ ይዘዋል።

ሰማያዊው፦ ከሠላሳ ስምንት ዘጠኝ ብቻ።

አሁን መናገር ስለተፈቀደልኝ ልንገርህ። ሰማያዊው የኔ ነው። ጦስኙ ነው፣ ያንተ ጦስኝ።

ጽሕፈቴን እንደምታውቅ ስለማውቅ ከምስጋናው ጋር ተለዋውጠን ነበር የምንጽፈው፤ የኔን ብልቃጥ እሱ፣ የሱን እኔ። በጥቅምት ስለ ጽሕፈቱ ስትጽፍልኝ ተሳስተሃል ብዬ ልመልስልህ ብዕር አንስቼ ነበር፤ ደንቡ አይፈቅድም ብዬ ተውኩት። ጦስኝ ሸተተኝ ያልከውም የራስህን እጅ ነው። ስትለቅም ሰንብተህ እጅህ ምን ሊሸት ኖሯል? እኔ የምጨምረው ዘይት እንኳን ሰው በግም አያሸተው።

እዚህ እኮ ዘሩ እስከ ስድስት ሰዓት ሲዋኝ አይቼዋለሁ! ዓይኔ እስኪያብጥ ቆጥሬዋለሁ። ኮሶዬ ሲደርስ ምን ነካው? አንድ ነገር ደግሞ ግራ ገብቶናል። ከዘጠኙ ስድስቱ የማናዬ በጎች ናቸው። ከሰባት ስድስት! ከቢጫውም ይበልጣል። ከሌሎቹ ሠላሳ አንድ በጎች ግን የያዙት ሦስት ብቻ ናቸው። ምስጋናው «ይህች ሴትዮ ምን ያላት ናት?» እያለ ወረቀቱን ያገላብጣል። አልፈነጠዘም፣ ልቤን የሚበላው እሱም ነው። ቢፈነጥዝ እጣላው ነበር።

አማካሪያችን ጦስኙን ተዪውና በምስጋናው ሥራ ውስጥ ረዳት ሆነሽ ጨርሺ ብለውኛል። ስሜ ከሱ ስም በታች ይገባል። ሰኞ እፈርማለሁ።

የሆነ ነገር ካለ ከሰኞ በፊት ንገረኝ። ከሌለም «የለም» ብለህ ጻፍልኝ፣ ቁርጤን ልወቅ።

ሕሊና


ኮሶዬ፣ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሕሊናዬ፣

አለ።

አትፈርሚ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ትንሽ ደብተር አለ፤ መጀመሪያ እሱን ክፈቺ። እውነተኛው ሰዓት እዚያ ነው ያለው። በቅጹ ላይ የሞላሁት ውሸት ነው።

ሰማያዊውን የዚያ ሰውዬ ነው ብዬ ነበር። ከሳጥኑ አውጥቼ ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ቢጫውን ጥላ ውስጥ፣ እንዳልሽኝ፣ ቀስ አድርጌ ሠራሁ። ሰማያዊውን በኪሴ ይዤ ዞርኩ፤ ምሳ በላሁ፣ ከሰው ጋር ተጫወትኩ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነበር በጎቹ ላይ የማውለው። በሁለቱም ዙር። በመጀመሪያው ቀን የማናዬ ብቻ ነው የተረፈው፤ እሷም እላዬ ላይ ቆማ ስላጣደፈችኝ ነው። ያች ሴትዮ ምንም የላት፤ እኔን አላመነችኝም፣ ይኸው ነው።

ሰዓቱን በደብተሬ ለምን በትክክል እንደጻፍኩት ብትጠይቂኝ አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሰዓት ሳልጽፍ ከብት ነክቼ አላውቅም። ልቤ ሲዋሽ እጄ እምቢ አለኝ።

በመስኮት ሳይሽ ስትስቂ ነበር። እንዲያ ስትስቂ ካየሁ ስንት ዘመኔ! እኔ ያላሳቅሁሽን ሌላ አሳቀሽ ብዬ አንጀቴ አረረ። ቀናሁ፣ ሕሊና። በቀን ሦስቴ ቀናሁ፤ ጠዋት ሳጥኑን ስቀበል፣ ከሰዓት በኋላ ብልቃጡን ስከፍት፣ ማታ ልጃችንን ሳስተኛ።

በሱ ብቻ ግን አይደለም። አንቺ የመግቢያውን ፈተና የተፈተንሽ ቀን እኔ ደባርቅ ለሥልጠና ሄድኩ ብዬሽ ነበር። ሥልጠና አልነበረም። እኔም ያንኑ ፈተና ሌላ አዳራሽ ተቀምጬ ተፈተንኩ። አንቺ አለፍሽ፣ እኔ ወደቅሁ። እልል ሲባልልሽ በግ ያረድኩት እያነባሁ ነው፤ አንቺ በደስታ መስሎሽ ነበር። ያስተማርኳት ልጅ በለጠችኝ ብዬ፣ ባንቺው በሚስቴ ቀናሁ። ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም።

ለአያ ወልደኢየሱስ አራት በጎቹ ባዶ የቀሩት በኔ እንደሆነ ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነግሬዋለሁ። መቋሚያውን አነሳብኝ፤ ግን አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሌሎቹንም ደጃቸው ድረስ እየሄድኩ እነግራለሁ። ለመሥሪያ ቤቴም በጽሑፍ አሳውቃለሁ፤ የሚያደርጉኝን ያድርጉ።

ደብተሩን ለአማካሪሽ አሳዪያቸው። ለሱም አሳዪው። ለምስጋናው።

ሰጠኝን ከመንገድ አስቁሜ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ።

ፈጠነ


ጎንደር፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፈጠነ፣

እስካሁን ያልጻፍኩልህ መንገድ ተዘግቶ አይደለም። የጻፍኩትን ሁሉ ስቀድ ነው የሰነበትኩት። ከተቀደዱት ውስጥ ሦስቱ «ልጄን ልወስድ እመጣለሁ» ብለው ነበር የሚጀምሩት፤ እንድታውቀው ብዬ ነው።

አልፈረምኩም። ደብተርህን ይዤ አማካሪዬ ፊት ቀረብኩ፤ «ይህ ሰው ማነው?» አሉኝ። ባሌ ነው አልኳቸው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሰዓቱን ከውጤቱ ጋር አስተያይተው ሲጨርሱ ግን የማናዬን ሰባት በጎች በቀይ ከበቧቸውና «ይህ መደገም አለበት» አሉ። የሆነው ሁሉ በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ይገባል። ስምህ አይጠራም፤ «ባለሙያው» ነው የሚለው። አንብቦ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ምስጋናው ደብተርህን እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ የራሱን ሥራ ለሁለት ሳምንት ትቶ አውራ በጎቹን ሊያዘጋጅልኝ ተስማማ። በዚህም ልትቀና ትችላለህ፤ እዚያው ሆነህ ቅና፣ ሳጥኔን ብቻ አትንካብኝ።

ስለ ፈተናው የጻፍከውን ግን ስንቴ እንዳነበብኩት አልነግርህም። በሱ መቅናትህ አናደደኝ፤ በኔ መቅናትህ አስለቀሰኝ። ብትነግረኝ ደብተሬን ሁሉ ገልብጬ እሰጥህ ነበር። የወደቅኸው በእንግሊዝኛው እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ከብቱን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህና። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ትፈተናለህ። ይህን የምልህ ይቅር ስላልኩህ አይደለም። ገና አላልኩህም።

ትመጪያለሽ ወይ ብለህ በሰጠኝ በኩል ለላክኸው ጥያቄ፤ ግንቦት 5 ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሳጥኑን ራሴ ይዤ ከመኪናው እወርዳለሁ። መጀመሪያ ሳሪትን እስማለሁ። ከዚያ ማናዬ ቤት እንጀምራለን፤ እሷም እላያችን ላይ ትቁም። ብልቃጡን የምከፍተው እኔ ነኝ። ሰዓቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ዘሩን የማስገባውም እኔ ነኝ።

አንተ በጓን ትይዝልኛለህ። ስትመጣ ያን እጅጌ ረጅሙን ጃኬት ልበስ፣ እጅህን ደህና አድርገህ ታጠብ።

ሕሊና